የእትዬ አጥር ከልክ አለፈ

ባሌ የሚኖረው አጥር እየለካ ነው። የማዘጋጃ ቤት የአጥር ተቆጣጣሪ ነው፤ ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ሜትሩ» ይለዋል። ደንቡን ከእኔ የልደት ቀን በተሻለ ያውቀዋል። መንገድ ዳር የሚሠራ ግንብ ከመሬት አንድ ሜትር ነው፤ በጎረቤት በኩል ሁለት ሜትር ይፈቀዳል፤ የግቢ በር ወደ ውስጥ እንጂ ወደ መንገድ አይከፈትም። ከዚህ ያለፈ የፈለገ ሰው ፈቃድ ያወጣል፤ ሳያወጣ የሠራ ያፈርሳል። አለቀ።

ለቅሶ ቤት ሄዶ እንኳ «እግዜር ያጥናችሁ» ከማለቱ በፊት ዓይኑ አጥሩ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የሟች ወንድም እጁን ጨብጦት ሲያለቅስ፣ ይሄ ጉደኛ «በሩ ወደ ውጭ ነው እንዴ የሚከፈተው?» ብሎ ጠየቀው። ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰውዬው እንባውን ጠርጎ ዞር ብሎ በሩን አየው። በኋላ በዚያ ሳልፍ አዙረው ገጥመውታል።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው የተገዳደረው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ታላቅ እህቱ! እናታቸው ከሞቱ ወዲህ አጥበው፣ አብልተው፣ ጆሮውን ቆንጥጠው ያሳደጉት እትዬ ናቸው። ባላቸው ካረፉ ጀምሮ ብቻቸውን የሚኖሩት ከእኛ ዝቅ ብሎ፣ እሱ ወደ ሥራ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። አጥራቸው ከጉልበት አያልፍም ነበር። አንድ ቅዳሜ ግንበኛ ጠርተው ብሎኬት በብሎኬት ላይ አስደረደሩና የሰው ቁመት አሳከሉት። ፈቃድ የሚባል ነገር አልጠየቁም።

ባሌ ሲያየው ፊቱ ደም መሰለ።

«የእህቱን አይቶ እንዳላየ ያልፋል ከተባልኩ ነገ ማን ይሰማኛል? እንጀራዬን ልትዘጋብኝ ነው እኮ!» እያለ ቤቱን ዞረው።

«ሄደህ በደንብ አናግራቸው» አልኩት።

«አናግራታለሁ» ብሎ ወጣና የማስጠንቀቂያ ወረቀት በራቸው ላይ ለጥፎ ተመለሰ። ለእህቱ! እኔን እርር ድብን የሚያደርገኝ እንዲህ ያለው ሥራው ነው።

እትዬ ግን በዋዛ የሚለቁ ሰው አይደሉም። ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «ከመሬት አንድ ሜትር» የሚለውን ያዙ። አንድ መኪና ሙሉ አፈር አስመጥተው በመንገዱ በኩል ግንቡ ሥር አስከመሩና አበባ ተከሉበት። መሬቱ ከፍ ሲል ግንቡ ሳይነካ አንድ ሜትር ሆኖ ቁጭ አለ። ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። ጎረቤቱ ሁሉ የአፈር መኪናውን ሾፌር ስልክ ይጠያየቅ ጀመር።

ባሌ በማግስቱ ሜትርና አካፋ ይዞ ወጣ። አንገት ላንገት እንዳይያያዙ ፈርቼ ተከተልኩት። ገና አካፋውን ሲሰነዝር እትዬ ከግንቡ በላይ ብቅ አሉ። ውስጥ በርጩማ ላይ ቆመዋል።

«አበባዬን ትነካና በኋላ ውርድ ከራሴ!»

«እትዬ፣ ደንቡ የሚለው ከተፈጥሮው መሬት ነው። ይሄ የመጣ አፈር ነው።»

«አፈር ከሆነስ ያንተን ያህል አላስቸገረኝም!»

«ቆይ ግን ምን አስረዘመሽ? ሌባ መጣብሽ?»

«ምኔን ሊወስድ?»

«ታዲያ ከማን ነው የምትጋረጂው?»

እትዬ የግንቡን ጫፍ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ካንተ» አሉ። «ጠዋት በዚህ ትሄዳለህ፤ ማታ በዚህ ትመለሳለህ። እኔ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብዬ ‹ዛሬስ ይገባ ይሆን?› እላለሁ። አንተ የእኔን አጥር ታያለህ፣ የማዶውን ታያለህ፣ ታልፋለህ። ስታልፍ ከማይህ ጭራሽ ባላይህ ይሻለኛል ብዬ ነው።»

ባሌ አካፋውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እኔ አካፋውን ቀምቼ በሱ ልለው ምንም አልቀረኝ።

«እትዬ…» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። አካፋውን ጥሎ በሩን ገፍቶ ገባና ከበርጩማው ደግፎ አወረዳቸው። ተቃቅፈው ተላቀሱ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ አብሬ አለቀስኩ፣ ምን አባቴ ላድርግ።

በመሀል ይሄ ጉደኛ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ቀና ብሎ ግንቡን አላየ መሰላችሁ!

«እትዬዋ… ግን እኮ አሁንም ከደንቡ በላይ ነው።»

እትዬ በእጃቸው ጀርባ እንባቸውን ጠረጉ።

«አንተ ከገባህማ ምን ያደርግልኛል» አሉ። «አፍርሰው።»