ማሽላ የጠበቀው የአውሮፕላን ቀለም

ጠዋት ከወልድያ መናኸሪያ በሚኒባስ ተነሣሁ። መድረሻዬ ግራና ነው። ለመመረቂያዬ ውኃ የማያስጠጋ ቀለም ሠርቻለሁ፤ የአውሮፕላን ክንፍ ላይ በረዶ እንዳይጋገር የሚከላከል። ዝናብና አቧራ እንዲፈትነው ብዬ፣ የተቀቡና ያልተቀቡ የአሉሚኒየም ቁራጮችን ክረምቱ ሲገባ የአባቴ ወዳጅ ሼህ ሁሴን ጣሪያ ላይ አስሬ ነበር። ቀለሙ ካልቻለ ዘንድሮ መመረቅ የለም።

ሲሪንቃን ስናልፍ ማሽላው ግራና ቀኝ አሽቷል። መርሳ ወርጄ፣ ባዶ እጄን እንዳልገባ ሙዝ ገዛሁና በባጃጅ ግራና ገባሁ።

ጣሪያው ባዶ ነው!

"ሼህ ሁሴን፣ ብረቶቼስ?" አልኩ ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ።

"ነይ ላሳይሽ" ብለው ወደ ማሳቸው ወሰዱኝ። ቁራጮቼ እንጨት ላይ ታስረው ማሽላው መሃል ተገትረዋል።

"በረዶ ይከላከላል አላልሽም? ቆርቆሮ ቤት በረዶ ምን ያረገዋል? የሚፈራው ማሽላው ነው እንጂ!"

ለካ እኔ ስለ ክንፍ ሳወራ እሳቸው የሰሙት ከሰማይ የሚወርደውን ኖሯል።

"ታዲያ በረዶ ጣለ?"

"ጣል ጣል አርጎ ሄደ። ፈርቶ ነዋ፣ ማሻአላህ!"

ቁራጮቹ እዚህም እዚያም ጎድጉደዋል። ልሳቅ ወይስ ልቆጣ? ፈትቼ ሰበሰብኳቸውና ወደ መርሳ ተመለስኩ፤ ሼህ ሁሴንም "ሳላይማ አልቀርም" ብለው ተከተሉኝ።

ጭማቂ ቤት ያላት ዘሀራ ፍሪዘሯን ፈቀደችልኝ። ቁራጮቹ ላይ ውኃ አፍስሼ ከተትኳቸው። ውኃው እስኪረጋ የፓፓያ ጭማቂ ጠጣን።

ቁራጮቹ ሲወጡ ያልተቀባውን ባንኳኳው ባንኳኳው በረዶው ንቅንቅ አላለም። የተቀባውን ገና ዘንበል ሳደርገው በረዶው ሾልኮ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ሁሉንም ሞከርኩ፤ የጎደጎዱት እንኳ አልያዙም! ዘሀራ እልልታዋን አቀለጠችው፤ እኔም በደስታ ዘለልኩ።

ሼህ ሁሴን የወደቀውን በረዶ አንስተው አገላብጠው አዩት።

"በረዶሽ ይቺ ናት? ይቺንማ በጭማቂ እንጠጣታለን! ማን ይፈራታል?"

"አውሮፕላን" አልኳቸው።

እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያልተቀቡትን እስካጭድ ተይልኝ። በረዶውን አላህ ያውቃል፤ ሲያብለጨልጩ የግሪሳ ወፍ አያስደርሱም" አሉኝ። በደስታ ሰጠኋቸው።

አመሻሽ ላይ ወልድያ ቤቴ ገባሁ። እንደምመረቅ ለእናቴ እየነገርኳት፣ ጠዋት ባዶውን ጣሪያ አይቼ የተናደድኩት ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። ሼህ ሁሴን ቃሌን አልጣሉም፤ እንዲያውም ከእኔ በላይ አምነውት፣ የዓመት ቀለባቸውን ከሥሩ አስጠልለዋል። ከእንግዲህ ሥራዬን ለሰው ከማስረዳቴ በፊት፣ እሱ የሚፈራው ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ።