ስድስተኛው ላይ የሚቆመው ቪዲዮ

የባለቤቴ ቀኝ ጎን አልታዘዝ ያለው በጾመ ነቢያት መግቢያ ላይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ፣ ጅቡቲ ሲመላለስ የኖረ ሰው አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ሐኪም ቤት ስትሮክ ነው አሉን። ነፍሱ ተረፈች፤ ስሙ ይመስገን። እግሩ፣ እጁና አፉ ግን ግማሽ ሆኑ።

ወደ ቤት ስንመለስ ፊዚዮቴራፒስቷ ሦስት ቀን እየመጣች አሠራችው። ከዚያ በላይ መምጣት አልቻለችም፤ ብዙ ሕመምተኛ አለባት። ልጄ ፈቃድ ጠይቃ ሁሉንም በስልኳ ቀረጸችውና አገጣጥማ አንድ ረጅም ቪዲዮ አደረገችው። አሥራ ሁለት እንቅስቃሴ ነው። እስከ ስድስተኛው እግርና ወገብ፣ ከዚያ ትከሻና ክንድ፣ ከዘጠነኛው ጀምሮ እጅና ጣት። መጀመሪያው ላይ ፊዚዮቴራፒስቷ ወደ ስልኩ ዞራ፣ "አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው እንዳታልፉ" ትላለች። ስትሄድ ደግሞ በር ላይ ለእኔ ብቻ፣ "ዋናዎቹ እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው። እጅ ከእግር ይዘገያል፤ እንዳትተዉት" አለችኝ።

በስልክ ማየት አልቻለም፤ አንድ ዓይኑም ደክሟል። ቲቪያችን ትልቅ ነው፣ ግን የቆየ ስለሆነ ቪዲዮውን አልቀበልም አለ። ልጄ ከመሥሪያ ቤቷ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር አመጣች። እዚያ እንግዳ መቀበያው ላይ ካለው ስክሪን ጀርባ ይሠራ የነበረ ነው፤ በአዲስ ሲቀይሩ ለእሷ ሰጧት። ጥቁር ብረት ነው፣ መጽሐፍ ያህላል፤ ጀርባው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጥርስ አለው።

"ማራገቢያ የለውም" አለችኝ። "ምንም ድምፅ አያወጣም፤ አባዬን አይረብሸውም።"

ባለቤቴ ከታመመ ወዲህ ድምፅ አይወድም። የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ እንኳ ያስቆጣዋል። እግዚአብሔር አስቦልን ነው አልኩ። ማራገቢያ ከሌለው በምን ይበርዳል ብዬ አልጠየቅሁም።

ቤታችን ቃሊቲ፣ የጭነት መኪኖች ተሰልፈው ከሚቆሙበት መንገድ ዳር ነው። ጠዋት በወለወልኩት ጠረጴዛ ላይ በምሳ ሰዓት በጣት መጻፍ ይቻላል። ስለዚህ ሳጥኑን ከቲቪው ሥር ካለው ባለ መስታወት መደርደሪያ ውስጥ አስገባሁት፤ መስታወቱን ዘጋሁ፤ ላዩን ደግሞ ዳንቴል አለበስኩት። እኔ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም። ለዚህኛው ግን ከሁሉ ይልቅ ስለሳሳሁ ወፍራሙን መርጬ ሁለት እጥፍ አደረግሁለት።

ከዚያ ጣጣው ጀመረ።

አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ደህና ይሄዳል። አምስተኛው ላይ ምስሉ መንተባተብ ይጀምራል። ስድስተኛው ላይ ድምፁ ቀድሞ ይሄድና ምስሉ ወደ ኋላ ይቀራል። ፊዚዮቴራፒስቷ "እግርህን አውርድ" ትላለች፤ ስክሪኑ ላይ ግን እግሯ እንደተሰቀለ ነው። ባለቤቴ የሚታዘዘው ያየውን ነው። እግሩን አንሥቶ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ ይጠብቃታል።

"አውርደው፤ ብላሃለች እኮ" እለዋለሁ።

በዓይኑ ቲቪውን ያሳየኛል። አላወረደችም ማለቱ ነው። ከዚያ ስክሪኑ ይጠፋል። ሳጥኑ እንደገና እሺ የሚለው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ባለቤቴ ደክሞት ተኝቷል። በማግስቱ ደግሞ ከአንድ እንጀምራለን። ቀድሞ የቆመበት ድረስ አሳልፌ ልጀምር አላልኩም። አንዱን ሳትጨርሱ እንዳታልፉ ተብያለሁ፤ እኔም የታዘዝኩትን የምይዝ ሰው ነኝ። ራሴ ላሠራው ስል ደግሞ ፊቱን ያዞራል። ፊዚዮቴራፒስቷ የእጁን ስታሠራው እኔ ቤተ ክርስቲያን ስለነበርኩ በምን መልኩ እንደሚሠራም አላየሁም።

ልጄ በሥራ ቀን ጎሕ ሲቀድ ወጥታ፣ ባቡርና ታክሲ ተሰልፋ፣ ሲመሽ ነው የምትገባው። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ከሳጥኑ ጋር ትታገላለች። ዳንቴሉን ገልጣ ሳጥኑን ወደ ውጭ ትስበዋለች፤ ገመዱን ትቀያይራለች፤ ፕሮግራሙን አጥፍታ እንደገና ትጭናለች። አባቷ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

"እማዬ፣ ሶፍትዌሩ ነው።"

"እሱን አላውቅም። ስድስተኛው ላይ ይቆማል።"

"ይኸው ሠራ እኮ! እዪው።"

"አንቺን ሲያይ ነዋ የሚሠራው።"

አሥር ደቂቃ ታየውና ደስ ብሏት ትነሣለች። እኔም ሳጥኑን ወደ ቦታው መልሼ፣ መስታወቱን ዘግቼ፣ ዳንቴሉን አለብሰዋለሁ። ሰኞ ስድስተኛው ላይ ይቆማል።

በከረጢት ይዤው አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ ጠጋኝ ሄድኩ። ወጣት ነው። ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ ሰክቶ ኳስ ጨዋታ ከፈተበት። ሁለቱም አርባ አምስት ደቂቃ አለቀ፤ ሳጥኑ ንቅንቅ አላለም።

"ማዘር፣ ይሄ ዕቃ ከእኔም ከእርስዎም በላይ ጤነኛ ነው።"

"ቤት ስድስተኛው ላይ ይቆማል አልኩህ።"

"እኔ ጋ ደህና ሆኖ ቤት ሲገባ የሚያመው ከሆነማ" አለ እየሳቀ፣ "ጠበል ይውሰዱት።"

በጠበል አይቀለድም አልኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ግን ሳቁን አልጨረሰም ነበር። ይዤው ተመለስኩና አቧራውን ጠርጌ አለበስኩት።

በገና ባለቤቴ ግድግዳ እየያዘ መራመድ ጀመረ። ጠያቂ ሁሉ እግሩን እያየ "ተመስገን" ይላል። እኔም እላለሁ። እጁን ግን ማንም አላየም። ጭኑ ላይ ተጨምድዶ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። በግራው እንዲያማትብ ብነግረው እምነቱ አልፈቀደለትም፤ አንገቱን ብቻ ይደፋል።

አፉም ገና ነበር። ያሉት ቃላት ጥቂት ናቸው፤ እሺ፣ ነይ፣ በቃ፣ ሲያስፈልገው ደግሞ የአንዳንድ ዕቃ ስም በተሰባበረ አፍ። ከጥምቀት በኋላ አንድ ቃል ጨመረ። ቪዲዮው እንደ ልማዱ ስድስተኛው ላይ ሲቆም ግራ እጁን ወደ ቲቪው ግድግዳ ዘርግቶ፣

"ከፈን" አለ።

ከቲቪው በላይ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል። ደንግጬ አማተብኩ።

"ምን አልክ?"

"ከፈን!"

"ዝም በል! እንዲህ አይባልም። እየተራመድክ እኮ ነው።"

"በቃ" አለና ፊቱን አዞረ።

በማግስቱም እንዲሁ። ቪዲዮው በቆመ ቁጥር "ከፈን" ይላል። ስክሪኑ ሲጠፋ ተስፋውም አብሮ የሚጠፋ መሰለኝ። በሳጥኑ ተናደድኩ። በእሱም ተናደድኩ። ሰው ሁሉ ተረፈ ብሎ ሲያመሰግን እሱ መግነዙን ይጠይቃል።

ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። መጥተው ጸሎት አደረሱለት፤ በመስቀላቸው ዳበሱት። እሱ ግን በመስቀሉ ላይ አልፎ ጣቱን ወደ ግድግዳው እየቀሰረ "ከፈን! ከፈን!" ይላል።

"እናዘጋጃለን ልጄ፣ አትጨነቅ" አሉት። ለእኔም በር ላይ፣ "መንገዱን የሚያስብ ሰው አይከለከልም። ያሰበውን ፈጽሚለትና ልቡ ይረፍ" አሉኝ።

አቃቂ ገበያ ሄጄ አቡጀዲ ገዛሁ። እያለቀስኩ ነው የለካሁት። ቤት ስገባ ጭኑ ላይ ዘረጋሁለት።

"ይኸው" አልኩት። "ጊዜው የእግዚአብሔር ነው። አንተ ግን ከእንግዲህ ስለ እሱ አታስብ።"

ጨርቁን አየ። እኔን አየ። እንደገና ጨርቁን አየ። ፊቱ ቀላ። በግራ እጁ ጨምድዶ አነሣውና ወደ ቲቪው ወረወረው።

"ደደብ!" አለኝ።

ከታመመ ጀምሮ እንደዚህ ጥርት ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። በትዳራችንም ሰድቦኝ አያውቅም። ደጅ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የጭነት መኪናዎቹ ሲያልፉ አቧራው ፊቴ ላይ ሲያርፍ አልጠረግሁትም።

ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ነው፤ አንድ እሑድ ጠዋት ከእኛ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ተነሣ። ነጠላውን ሳለብሰው ወደ ቁም ሣጥኑ እያመለከተ፣

"ከት" አለ።

"ምን?"

"ከት! ከት!"

ኮቱን አመጣሁለት። የማይታዘዘውን እጁን በእጅጌው ሳስገባ ባለሁበት ቆምኩ። ኮት በእሱ አፍ ከት ነው። ቆሎ ሲያምረውም "ቀለ" ነው የሚለው። ከንፈሩ አይሰበሰብለትም፤ ኮም ቆም አይወጡለትም። ይህን ለወራት ስሰማ ኖሬ ቆሎውንም ኮቱንም ሳቀርብለት ኖሬአለሁ።

"ኮፈን?" አልኩት።

አልጋው ላይ ቁጭ አለ።

"የመኪና ኮፈን? ኮፈን ክፈቺ ነው የምትለኝ?"

"እሺ" አለ። "እሺ፣ እሺ፣ እሺ።" እየሳቀ ነው ብዬ ሳየው ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

የሾፌር ሚስት ነኝ። አዋሽ በረሃ ላይ ሞተር ሲግል ኮፈኑን ከፍቶ ጥላ ፈልጎ እንደሚቆም ስንቴ አውርቶልኛል። ወደ መደርደሪያው ሄጄ መስታወቱን ስከፍት ትኩስ አየር ፊቴን መታኝ፤ ለጠዋቱ ዜና ልጄ ከፍታው ነበር። ዳንቴሉን ገለጥኩ። ውስጡ ካውያ እንደበላው ጨርቅ ቢጫ ሆኗል። ጥርሶቹ ሁሉ በክር ታፍነዋል። ለካ ያ ብረት የሚተነፍሰው በጀርባው ነው። ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ፣ በየቀኑ ሞተር አልብሼ ሳስነሣ፣ በየቀኑ ሲያየኝ ከርሟል።

ያን ቀን ቅዳሴ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ዳንቴሉን ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ልጄ ስትሰማ ሳቀች፤ ከዚያ አባቷን አየችና ሳቋን አቆመች። "የእኔም ጥፋት አለበት" አለች። ቪዲዮውን ስልኳ በሚችለው ከፍተኛ ጥራት ነበር የቀረጸችው፤ ለዚያ አሮጌ ሳጥን ከባድ ጭነት ነው። ቀለል አድርጋ አሥራ ሁለት ቦታ ቆረጠችው። ሳጥኑንም መስኮቱ አጠገብ፣ ሁለት እንጨት ላይ፣ ጥርሱን ወደ ላይ አድርገን አስቀመጥነው። አቧራውን ጠዋት ጠዋት በቀለም ብሩሽ አራግፍለታለሁ። ራቁቱን ማየት እስካሁን አልለመድኩም።

ማክሰኞ ስድስተኛውን አለፍን። ሰባት፣ ስምንት። ዘጠነኛው መጣ። ፊዚዮቴራፒስቷ እጇን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ጣቶቿን ዘረጋችና ቀጥ አለች። ምንም አትንቀሳቀስም።

"ቆመ! ደግሞ ቆመ!" ብዬ ዘልዬ ሳጥኑን ዳሰስኩት። ለብ ያለ ብቻ ነው።

"ዘጠኝ፣ አሥር" አለች ፊዚዮቴራፒስቷ፤ ጣቶቿንም አጠፈች። ለካ በልቧ እየቆጠረች ነበር። ያልተንቀሳቀሰው የባለቤቴ እጅ ነው። ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጥኩት ነበር፤ አንድም ጣት አልተነቃነቀም።

ደወልኩላት። እግሩ እንዴት እንደሆነ ስነግራት ደስ አላት።

"እጁስ?"

"ዛሬ ጀመርነው።"

"ዛሬ?" አለች። "እስካሁን ምን ሆናችሁ?"

ሳጥኑን፣ ዳንቴሉን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ፣ "ዘግይቷል፤ ብዙ ዘግይቷል። ግን አይተውም" አለች። "ከነገ ጀምሮ ከእጁ ጀምሩ።"

"ሌላውን ሳንጨርስ?"

"ሌላውን ሳትጨርሱ። እኔ ያልኩት እኮ እንቅስቃሴውን በግማሽ እንዳታቋርጡት ነው።"

ሳጥኑን ቀድሜ ይቅር ብዬዋለሁ፤ የበደልኩት እኔ ነኝ። ያልገባኝን ቃል እንደ ግዝት ይዤ ሦስት ወር መክረሜ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። አንድ ስልክ መደወል ነበር።

አሁን ጠዋት ጠዋት ከዘጠነኛው እንጀምራለን። ሳጥኑ አይቆምም፤ የሚቆመው እጁ ነው። አንዳንድ ቀን ይናደድና ጠረጴዛውን በግራው ይመታል፤ አንዳንድ ቀን እኔ ተናድጄ ኩሽና እገባለሁ። አውራ ጣቱ ከፋሲካ በኋላ ትንሽ ላላ። ከዚያ ወዲህ ለሳምንታት ምንም የለም።

ትናንት ላጥበው ብዬ ጋቢውን ከጭኑ ላይ ስስብ አልመጣልኝ አለ። ወንበሩ የያዘው መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ጫፉ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ነው። በቀኙ።

ቀስ ብዬ ሳብኩት። አለቀቀም።

"ልቀቀው፤ ይታጠባል" አልኩት።

"እምቢ" አለኝ።

እምቢ ያለው እሱ ይሁን እጁ ማወቅ አልቻልኩም። የያዘ እጅ መልቀቅም ይከብደዋል ብላኛለች ፊዚዮቴራፒስቷ። ጋቢውን ተውኩለትና አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ውሃው ኩሽና ውስጥ እየፈላ ነበር።