ባለ ሁለት ዓይኑ ጥንቸል

ልጄና ጓደኛዋ በስልክ የጃፓን ካርቱን እያዩ ይነታረካሉ። "ዓይን መሳል የሚችለው ይሄኛው ስቱዲዮ ብቻ ነው!" ትላለች ልጄ። ዓይን ሲባል አባቴ ትዝ አሉኝ።

በደርግ ጊዜ ንፋስ መውጫ ትምህርት ቤታችን ፊልም የሚያሳይ መኪና መጣ። መስኮቱ በጋቢ ተጋረደና ግድግዳው ላይ አንድ የካርቱን ጥንቸል ወደ እኛ መሮጥ ጀመረ። ወዲያው ወደድነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ፤ በእነሱ ሥርዓት ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሳላል፣ ከሃዲ ግን ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን። ጥንቸሉ ወደ ጎን ዞር ከማለቱ አብረውን ያዩ የነበሩት አባቴ ብድግ ብለው "ከዳ! ልጆች፣ እንዳታምኑት!" አሉ። ሁላችንም እየጮኽን ረገምነው።

ቤት ስንገባ ግን አዘኑለት። "ጥፋቱ የሰዓሊው ነው" ብለው በቁራጭ ብራና ገልብጠው ሳሉልኝ። ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሰጡት።

ይህን ስነግራት ልጄ "የሰው ሥራ መገልበጥኮ ስርቆት ነው" አለችኝ፣ በነጻ ካወረደችው የተሰረቀ ፊልም ላይ ዓይኗን ሳትነቅል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጀግናው ወደ ጎን ዞሯል።

"ይሄ ልጅ ይከዳል" አልኳት።

ፊልሙን ቀድማ የጨረሰችው ጓደኛዋ ደነገጠች። "እትዬ፣ መጨረሻውን ማን ነገረዎት?"