አንቀመጥም ያልንባት ቅዳሜ

ይህ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ ነው። ጦርነቱ ከወልድያ ከራቀ አምስት ወር ገደማ ሆኖታል፤ ግን አላለቀም። ያቺ ቀን ትዝ ስትለኝ እስከ ዛሬ ብቻዬን እስቃለሁ። ያየኝ ሰው “ሲስተር አስካለ ለቀቀች” ይላል፤ ይበል።

ሠላሳ ሁለት ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ስኳር አለብኝ፤ ጉልበቴንም ያመኛል። ሰውን ሁሉ “ተራመዱ” ስል ኖሬ ለራሴ ሲሆን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ከቤት ያስወጣኝ መምህር ተፈራ ነው። ተፈራ የስፖርት መምህር ነበር። ጡረታ ሲወጣ ሥራውን እንጂ ፊሽካውን አላስረከበም፤ አሁንም አንገቱ ላይ ናት። እንደኔ ያለውን ጡረተኛ ሁሉ ሰብስቦ በየቅዳሜው ገጠር ለገጠር ያስኬደን ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ ተበታተንን። እኔ በዚህ ጉልበቴ ሁለት ቀን በእግሬ ሄጄ የማላውቀው ሰው ቤት ገባሁ። ከተመለስን በኋላ ተፈራ በሬን አንኳኩቶ “ቅዳሜ ጉዞ እንጀምራለን” ሲለኝ ደሜ ፈላ።

“አንተ ሰው ጤና የለህም? እያለቀስኩ የሸሸሁበትን መንገድ ደግሞ ልዝናናበት?” አልኩት።

“አዎ፤ አሁን ደግሞ እየሳቅሽ ትሄጅበታለሽ” አለኝ። በሩን ፊቱ ላይ ዘግቼበት ነበር፤ ቅዳሜ ግን ሄድኩ። ቤት መቀመጡም ሰልችቶኝ ነበር።

ሰባት ሆንን። በሚኒባስ ሲሪንቃ ወርደን ወደ ገጠሩ የሚወስደውን የእግር መንገድ ያዝን። ከመንገድ ውጭ ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል ስለተባለ ተፈራ ሁለት ሁለት አድርጎ አሰለፈን። ጠዋቱ ቀዝቀዝ ያለ ስለነበር ወንዶቹ ጋቢ፣ ሴቶቹ ነጠላ ደርበናል። ሁላችንም ዱላ ይዘናል። ኬላ ላይ አንዱ ሚሊሻ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀን። “የእግር ጉዞ ነው” አልነው። “መኪና አጥታችሁ ነው እናቴ?” ብሎ አዘነልን።

ተፈራ የማይሻር ሕግ አለው። ጉዞ ቆሞ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መቀመጥ ክልክል ነው። “ልብ ይደነግጣል” ይላል። እውነት ይሁን ውሸት፣ ያን ሁሉ ዓመት በጤና ሙያ ኖሬ አልሰማሁም። ብቻ እንታዘዘዋለን።

ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዘን አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ደረስን። ዋርካው ያለው የአንድ ገበሬ ግቢ በር ላይ ነው። ተፈራ ፊሽካውን ነፋና ቆምን። ዱላችንን ተደግፈን፣ በሁለት ረድፍ እንደተሰለፍን፣ ፊታችን ወደ በሩ ነው። አንዲት ሴት ብቅ ብላ አየችንና ተመልሳ ወደ ውስጥ ሮጠች። ቀጥሎ ጥምጥም የጠመጠመ፣ ስልሳ የሚሆነው ሰው ወጣ። ስሙ ጋሽ ይመር እንደሆነ ኋላ ነው ያወቅነው።

“አሰላሙ ዓለይኩም” አለን። ከእኛ መሃል ጋሽ እንድሪስ “ወዓለይኩሙ ሰላም” ብሎ መለሰ። እንድሪስ የጭነት መኪና ሹፌር የነበረ፣ ነገር የሚገባው ሰው ነው። የዚያን ቀን ያተረፈን እሱ ነው።

ጋሽ ይመር አግዳሚ አስወጣ። “ቤት ለእንግዳ፤ አረፍ በሉ እንጂ” አለ።

ተፈራ እጁን አነሳ። “እናመሰግናለን። አንቀመጥም።”

“ምነው በደህና?”

“ደንባችን ነው። ቆመን ነው የምንቆየው።”

የሰውየው ፊት ልውጥ አለ። አንድ በአንድ አየን። “እንግዲያውስ ለነገር ነው የመጣችሁት” አለና ወደ ቤቱ ገባ።

እኔ ሰው አስቀየምን ብዬ ተፈራን ልቆጣ ስል እንድሪስ በጋቢው አፉን ሸፍኖ ይንፈቀፈቃል። “ጉድ ፈላ! ሰውየው እኮ ለጋብቻ የተላክን ሽማግሌዎች አደረገን። ሴት ልጅ አለችው ማለት ነው” አለ።

እውነትም ራሳችንን ስናይ ምን ጎደለን? ጋቢ አለ፣ ዱላ አለ፣ ሽበት አለ። ልጅ ሊጠይቅ የተላከ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት ተቀመጥ ቢሉት እንደማይቀመጥ የማያውቅ የለም። እኛ ደግሞ ደንባችን ነው ብለን አረፍነው!

“እኔ ልግባና ለሴቶቹ ልንገራቸው፤ ዶሮ ሳይታረድ” ብዬ ወደ ግቢው ገባሁ።

ከጓዳ አንዲት መልከ መልካም ልጅ ወጥታ ጉልበቴን ሳመችኝ፤ የሚያመኝን። ዘይነብ ትባላለች። “እማማ፣ ሰይድ ሰው አገኘ? ከየት አገኛችሁት? እኛ እኮ ተስፋ ቆርጠን ነበር” እያለች ታለቅሳለች፤ ትስቃለች። ልናገር የገባሁትን ተውኩት።

“ስለ ሰይድ እስቲ ካንቺ አፍ ልስማው” አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰይድ የውሃ ሞተር ጠጋኝ ነው። ከጦርነቱ በፊት ከአላማጣ ወዲያ ከሚገኝ ቀበሌ ለሥራ መጥቶ በዚያው ቀረ። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ተቋረጠ፣ እናት አባቱ ከጦር ግንባሩ ማዶ ቀሩ። ከዘይነብ ጋር ተዋደዋል። አባቷ ልጁን አይጠላውም። ግን “ሰው የሌለው ሰው ነገ ቢጠፋ ማንን እይዛለሁ? ዘመድ ከሌለው የሚቆምለት ሽማግሌ ይላክ” ብሏል። ሰይድ ያልጠየቀው ሰው የለም። ያኔ ደግሞ ጊዜው መጥፎ ነው፤ አገሩ ማዶ ለሆነ ሰው ዋስ የሚሆን ጠፋ። ከውርጌሳ ሌላ ጠያቂ መጥቶ ለሰኞ መልስ ተቀጥሮለታል። ቅዳሜ ደጃቸው ላይ የቆምነው እኛ ነን።

ወጥቼ ለእነ ተፈራ ነገርኳቸው። ተፈራ ደነገጠ። “ይቅርታ ጠይቀን እንሂድ” አለ።

“አንተ ሂድ! ያቺን ልጅ እያየሁ እኔ ንቅንቅ አልልም” አልኩት።

እንድሪስ “ውሸትም አንናገርም፤ አንሄድምም” አለ።

ጋሽ ይመር ሁለት ጎረቤቶቹን አስከትሎ ተመለሰ። “እህ፣ የመጣችሁበትን እንስማ” አለ።

እንድሪስ አልሸፋፈነም። “ጋሽ ይመር፣ እውነቱን እነግርዎታለሁ። የላከን ሰው የለም። ጡረተኞች ነን፤ ለጤናችን ስንራመድ ነው እዚህ የደረስነው። አንቀመጥም ያልነውም መምህሩ ልብ ይደነግጣል ስላለን ነው።”

የሰውየው ጆሮ ቀላ። “በሽበታችሁ ደጄ መጥታችሁ ትቀልዱብኛላችሁ?” አለ። ከበሩ ኋላ የዘይነብ ነጠላ ሲንቀሳቀስ አየሁ። በቃ፣ ልጅቱን ሰበርናት ብዬ ልቤ ስንጥቅ አለ።

“ቀልድ አይደለም” አለ እንድሪስ። “ስንመጣ መንገደኞች ነበርን። አሁን የልጁን ነገር ሰማን። እስቲ ያስጠሩልን፤ እንየው። ሰው ከሆነ ሽማግሌው እኛ ነን።”

ሰይድ ሩቅ አልነበረም፤ ማሳ ውስጥ ሞተር ሲፈታ ነበር። እጁ እስከ ክንዱ ግሪስ በግሪስ ሆኖ መጣ። የቆምነውን ሰዎች ሲያይ ግራ ገባው፤ አንዳችንንም አያውቅም።

“የማን ልጅ ነህ?” አለው እንድሪስ።

“የሐሰን ልጅ ነኝ። ይኑር ይሙት ግን አላውቅም” አለና አቀረቀረ።

“ብንቆምልህ ታሳፍረናለህ?”

ቀና አለ። “ወላሂ አላሳፍራችሁም” አለ። እኔ በሙያዬ ብዙ ሰው በጭንቅ ሰዓት አይቻለሁ፤ ያ ልጅ ሲዋሽ አልነበረም።

እንድሪስ ወደ ጋሽ ይመር ዞረ። “ከወልድያ ስንሸሽ እኔን ከነሚስቴ ያሳደረኝ ገበሬ የማን ልጅ ነህ አላለኝም፤ ሽማግሌ አምጣም አላለኝም። ያለውን ቆልቶ አበላኝ። አንቱስ ቤት ያን ጊዜ ስንት ሰው አደረ?”

ከውስጥ የጋሽ ይመር ሚስት ድምፅ መጣ። “ዐሥራ አንድ! ከነፍየሎቻቸው!”

ጎረቤቶቹ ሳቁ። ጋሽ ይመር ሳቁን ለመዋጥ ሞከረ፤ አልቻለም። ከዚያ በዱላው ወደ እኔ እያመለከተ “ይሁን፤ ሴት ሽማግሌ ግን ከየት የመጣ ነው?” አለ።

“ጋሼ፣ ልጅ ሲወለድ የምጠራው እኔ ነኝ፤ ልጅ ሲዳር ምነው እባረራለሁ?” አልኩት። ከጓዳ እልልታ ቀለጠ።

ጋሽ ይመር ጥምጥሙን አስተካከለ። “እንግዲህ አባቶቻችን ልጅ በአንድ ቀን ሰጥተው አያውቁም። የውርጌሳዎቹን ይቆዩ እላቸዋለሁ። እናንተ ሦስት ጊዜ ትመላለሳላችሁ።”

“በየቅዳሜው ይመችዎታል?” አለ ተፈራ ፈጠን ብሎ።

“በየቅዳሜው።”

“እኛ ድሮስ ፕሮግራማችን ቅዳሜ አይደል!” ብሎ በደስታ ፊሽካውን ነፋ። የግቢው ፍየሎች ተበተኑ።

“አሁንስ አትቀመጡም?” አለ ጋሽ ይመር። ተፈራ ሰዓቱን አየ። “አሁን ይቻላል፤ አምስት ደቂቃው አልፏል።”

እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። እርጎ ጠጣን፣ ማንጎ በላን፤ ስኳሬን ረስቼ ሦስት ማንጎ በላሁ። ነርስ ነኝ እኮ!

ወሬው ወልድያ ገባ። በሁለተኛው ቅዳሜ ዐሥራ አራት ሆነን ሄድን። በሦስተኛው ቅዳሜ ሃያ ሦስት ነበርን፤ ተራመዱ ሲባሉ ወገቤን፣ እግሬን የሚሉት ሁሉ ሽማግሌ ካልሆንን ብለው መጡ። የዚያን ቀን ጋሽ ይመር ተነስቶ “ሰጥቻለሁ” አለ። ዱአ ተደረገ። ክርስቲያኑም እስላሙም እጃችንን ዘርግተን “አሚን” አልን። ሰኔ ላይ ኒካሁ ታሰረ፤ እኔም በዚህ ጉልበቴ ጨፈርኩ።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ እንደገና አገረሸ፤ ጉዟችንም ቆመ። ጥቅምት ማብቂያ ላይ ሰላም ወረደ ተባለ። ቀስ በቀስም መንገዱ ተከፈተ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከጉዞ በፊት ሁልጊዜ የምንገናኝበት ሻይ ቤት ተቀምጠናል። ሰይድ አንድ ከሲታ ሽማግሌ ይዞ መጣ። የሽማግሌው እግር አቧራ ነው። ሰይድ “አባቴ ነው” አለ።

ሁላችንም ብድግ ብለን “ይቀመጡ፣ ይቀመጡ” አልን።

“አልቀመጥም” አሉ ሽማግሌው፤ ዱላቸውን ተደግፈው። “ጉዳይ አለኝ። ልጄ ሲዳር በእኔ ቦታ የቆማችሁትን፣ ስማችሁን ከየአፋችሁ ሳልሰማ አልቀመጥም።”

በየተራ ተናገርን። እያንዳንዱን ስም ደግመው እየጠሩ መረቁን። እኔ ጋ ሲደርሱ ስሜ አልወጣ አለኝ፤ እንድሪስ ነው “አስካለ” ብሎ የነገረልኝ። “አስካለ” አሉ ሽማግሌው፤ “እድሜሽ ይርዘም። ባትቆሙ ኖሮ ልጄን የሰው አገር ላይ ብቻውን ነበር የማገኘው።”

ከዚያ ተቀመጡ። ተፈራ አላስችል ብሎት ጡረተኛ እንደሆኑ ጠየቃቸው። “ገበሬ ጡረታ አለው እንዴ?” አሉት። አብረውን ግን ሄዱ፤ በሸበጥ ጫማቸው ሁላችንንም ጥለውን ነበር።

ዛሬም በየቅዳሜው እንሄዳለን። ያንን የሸሸሁበትን መንገድ ሳየው አሁን መጀመሪያ የሚታየኝ ሽሽቱ አይደለም፤ የፍየሎቹ ሩጫ ነው። ጉልበቴ አልተሻለውም። ተፈራ ፊሽካውን ነፍቶ “ቁሙ! መቀመጥ የለም!” ሲል ድሮ እነጫነጭ ነበር። አሁን አልነጫነጭም፤ እቆማለሁ።