ፒያኖው ቀጥ ሲል

ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ በድሮ ባለጸጋ ቤት ስለተፈጸመ ግድያ የሚተርክ የፈረንጅ ፊልም ተከፍቷል። አጠገቤ የተቀመጠችው ባለጥቁር ሂጃብ ሴት ግን ቀና ብላ አታይም፤ የተቆላ ሽንብራዋን እየቆረጠመች ሙዚቃውን ብቻ ታዳምጣለች። ፒያኖው ቀጥ ሲል «አሁን ሰው ይሞታል» ትለኛለች፤ ይሞታል።

ፊልሙ ላይ የቤቱ ሠራተኛ ሻይ ይዛ ስትገባ ሙዚቃው አስፈሪ ሆነና ተሳፋሪው ሁሉ «ገዳይዋ ሠራተኛዋ ናት!» አለ።

«ወላሂ አይደለችም» አለች ሴትዮዋ።

«በምን አወቅሽ?»

«ሪያድ ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ዕቃ በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚበረበረው የኔ ሻንጣ ነበር።»

አቀስታ ልንደርስ ስንል ገዳይዋ እመቤቲቱ ሆና ተገኘች። ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ሠራተኛዋን አየችና «አልሐምዱሊላህ፣ ነፃ ወጣሽ» አለቻት።