ካንዴላውን የጠረግኩበት ቀን

መጋዘኑ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። በሩን ከውጭ ሲቀረቅሩብን መጀመሪያ የታወቀኝ እሱ ነው። ወለሉ ላይ ደረቅ የሽንኩርት ልጣጭ ተበትኗል፤ የአዳማ ንፋስ በቆርቆሮው ሽንቁር እየገባ ልጣጩን ወዲያና ወዲህ ይነዳዋል። አርባ የምንሆን ሰዎች ነበርን። አብረውኝ የተያዙት ሽማግሌ ጫማቸውን አውልቀው ግድግዳው ሥር አስተካክለው አኖሩና፣ "አይዞህ ኢልመ ኮ፣ አይዞህ ልጄ። ስህተት ነው፤ ነገ ይገባቸዋል" አሉኝ።

እኔ ሞተር ሳይክል ጠጋኝ ነኝ። እሳቸው ደግሞ በወለንጪቲ ዙሪያ ገጠር ለገጠር እየዞሩ ከብት የሚያክሙ ጡረተኛ ነበሩ። ሞተራቸው ጠዋት ጠዋት አልነሳ ትላለች፤ በስንት ልመና ከተነሳችም በኋላ በጭስ ማውጫዋ ጧ ታደርጋለች። ሁለት ጋራዥ አዙረዋት ሲያቅታቸው ነው እኔ ዘንድ ያመጧት። ያን ቀን "እስቲ እርስዎ ይንዱ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ድምጿን ልስማ" አልኳቸው። መንገዱ ላይ ካለው የወታደር ኬላ ስንደርስ ሁለቴ ጧ ብላ ጮኸች። ወታደሮቹ ተኩስ መስሏቸው መሬት ላይ ተኙ። በዚያ ሰሞን ሞተር የያዘ ሰው ሁሉ ይጠረጠር ነበርና እኛንም አስፋልቱ ላይ በደረታችን አስተኙን። መሣሪያ ፈልገው ሲያጡ "ጥላችሁታል" አሉን።

ሽማግሌው ስኳር ነበረባቸው። የሚወጉት መድኃኒት ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ ጠባቂዎቹም እሱን እንዲይዙ ፈቅደውላቸዋል። ቤተሰብ ሌላ መድኃኒት ማስገባት ግን ክልክል ነው። በየጠዋቱ ብልቃጧን ወደ ሽንቁሩ ብርሃን ከፍ አድርገው የቀረውን ያያሉ። እኔም አያለሁ። በአራተኛው ቀን ከሥሯ ጥቂት ብቻ ቀርቷት ነበር።

አራት ቀን ሙሉ ባገኘሁት ጠባቂ ሁሉ አዛዡን ስለምን ቆይቻለሁ። "የጮኸችው ሞተሯ ናት፣ ላሳይዎት" ነው የምለው። በመጨረሻ ሰለቸው መሰለኝ፣ ሁለታችንንም ወደ ግቢው አስወጣን። ሞተሯ ግራር ሥር አቧራ ለብሳ ቆማለች።

"ከጮኸች ሁለታችሁም ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ። ካልጮኸች ግን እኔን ሁለተኛ እንዳትጠራኝ" አለኝ።

ፔዳሏን ረገጥኩ። እምቢ አለች። ደገምኩ፣ ሰለስኩ። አዛዡ ሰዓቱን አየ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ያኔ እጄ ቀደመኝ። ከወንበሯ ሥር መፍቻውን አወጣሁ፣ እሳት የምትሰጠውን ካንዴላዋን ፈታሁ፤ በጥቀርሻ ጠቁራለች፣ ቤንዚን ጠጥታለች። በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኳት፣ በጥፍሬ ፈቀፈቅኳት፣ ክፍተቷን በዓይኔ ለክቼ አጠበብኩና መልሼ አሰርኳት። ስንት ዓመት በቀን አሥሬ የማደርገው ነገር ነው፤ እያደረግኩት መሆኔንም ልብ አላልኩም።

በአንድ ርግጫ ተነሳች። ደስ አለኝ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ለአንዲት ቅጽበት እስረኛ መሆኔንም ረሳሁ። ከዚያ ነዳጅ ሰጠኋትና ለቀቅኩላት፤ ጧ አላለችም። ሰጠኋት፣ ለቀቅኩላት፤ እንደ አዲስ ሞተር ለስላሳ ሆና ትሄዳለች። እንድትጮህ የተፈለገችውን ሞተር በገዛ እጄ አድኛታለሁ።

"ታዲያ ተኩሱ የታለ?" አለ አዛዡ።

"ጌታዬ፣ ሳላውቅ አስተካከልኳት። የልማድ ነገር ሆኖብኝ ነው። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ፣ መልሼ አበላሻታለሁ፣ እንደዚያን ቀንም ትጮሃለች።"

ሳቀ። "ሲያሻህ የምታስጮሃት፣ ሲያሻህ ዝም የምታሰኛት ከሆነማ፣ ለሰዎችህ ምልክት ስትሰጥ ነበር ማለት ነው" አለኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ፣ "አባት፣ ሞተሯ የእርስዎ ናት። ነገ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ" አላቸው።

በማግስቱ ጠዋት መጡ። ጠባቂው "ቶሎ በል!" እያለ ሲጮህባቸው ሽማግሌው ቁጭ ብለው የጫማቸውን ክር አንድ በአንድ አሰሩ፣ ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ተነሱና ሰው ሁሉ እያየ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"ሁለት ጋራዥ ያቃተችውን አስነሳህልኝ። እጅህ ይባረክ" አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን ይዤ ቀረሁ፤ የወጣልኝ "ይቅር ይበሉኝ" ብቻ ነው። "ምኑን?" አሉኝ፣ እውነት የማያውቁ መስለው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከተወሰዱበት የመጣ አንድ እስረኛ መድኃኒቱ አልቆባቸው ማረፋቸውን ነገረን። እኔን ከሁለት ወር በኋላ፣ ምንም ሳይጠይቁኝ፣ ለቀቁኝ።

ወለንጪቲ ለመሄድ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ባለቤታቸውን በረንዳ ላይ ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ካንዴላዋን የጠረግኳት እኔ መሆኔንም፣ ባልጠርጋት ኖሮ ምናልባት ቤታቸው ይገቡ እንደነበርም። እሳቸው ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ።

"ያቺ ሞተር ጠዋት ጠዋት ስታቃጥለው ነው የኖረችው" አሉ በመጨረሻ። "ስትነሳ አይቷታል?"

"አይተዋታል።"

"ደስ አለው?"

አሰብኩ። በተነሳችበት ቅጽበት ቀና ስል አይቻቸው ነበር፤ እንደ ልጅ ጥርሳቸው ታይቷል። እሳቸውም እንደ እኔ የት እንዳሉ ረስተው ነበር።

"አዎ፣ ሳቁ" አልኳቸው።

ሴትየዋ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ወደ ውስጥ ገብተው ማስታጠቢያ ይዘው ተመለሱ። "ና ልጄ፣ እጅህን ታጠብ፤ ምሳ ደርሷል" አሉኝ። እጄን ዘረጋሁ። የጥፍሬን ጥቀርሻ ስፈትግ ውሃው ቀሚሳቸው ላይ ተረጨ፤ እሳቸው ግን ማፍሰሱን አላቆሙም።

ዛሬም ሞተር እጠግናለሁ። አንዷ በአንድ ርግጫ ስትነሳ ባለቤቷ ይስቃል፤ እኔ ዞር ብዬ ዕቃ የምፈልግ እመስላለሁ። ያን ቀን የቀረበልኝን ምሳ ግን ከሴትየዋ አጠገብ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው በላሁ።