«ሁሉንም ተካ» የሚለው ቁልፍ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለች ነው እናቴ ያሳደገችኝ፤ ስለዚህ የሥራ ባልደረባዬን ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሬ ነው የጠረጠርኩት። እሱ የጀጎል ልጅ ነው፤ አብረን ከጊደር መጋላ ገበያ አጠገብ፣ ከአንድ ጨርቅ መደብር በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ኤዲተር፣ ማለትም ኮድ የሚጻፍበት ፕሮግራም፣ እንሠራ ነበር። ጋሼ የምንላቸው አሠሪያችን የገዙት ደህና ኮምፒውተር አንድ ብቻ ስለነበር፣ ጠዋት እሱ፣ ከሰዓት እኔ እንቀመጥበታለን። እኔ በጻፍኩት ፋይል ሁሉ አናት ላይ ስሜ አለ። ሌላ ቦታ ሥራ ብጠይቅ የማሳየው ሌላ ምስክር አልነበረኝም።

ኤዲተሩ ቃል የሚፈልግበትን ክፍል እኔ ጨረስኩ፤ የተገኘውን ቃል በሌላ የሚተካበትን ለእሱ ተውኩለት። የፍለጋው ሣጥን መጨረሻ የተፈለገውን ቃል ይዞ ያቆያል። አንድ ቀን ከምሳ ስመለስ ሣጥኑ ውስጥ ያገኘሁት የራሴን ስም ነው። ደሜ ፈላ። መተካት የእሱ ሥራ፣ የሚፈለገው የእኔ ስም! «ሁሉንም ተካ» የሚለው ቁልፍ የት ደረሰ ስለው ደግሞ መልሱ ሁልጊዜ «ኢንሻአላህ ነገ» ነው።

ከዚያ ወዲያ ደግነቱ ሁሉ ተንኮል መሰለኝ። ሳምቡሳ ገዝቶልኝ ሲመጣ እንኳ ምን ሊደብቀኝ ነው እል ነበር።

በመጨረሻ አላስቻለኝም። ጫቱን ይዞ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆምኩበት።

«ስሜን አጥፍተህ የራስህን ልትተካ ነው?»

«አቦ! ወላሂ እኔ አይደለሁም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጋሼ ናቸው። ኤዲተሩን የሚገዛ ሰው ሊመጣ ስለሆነ ያንቺ ስም ወጥቶ የሳቸው ይግባ አሉኝ። የት የት እንዳለ ልይ ብዬ ፈለግኩት። ቁልፉማ ካለቀ ቆየ፤ ደብቄው ነው አላለቀም የምላቸው።»

ማመንም አለማመንም አቃተኝ። ይህን ጊዜ ጋሼ ደረጃውን ወጥተው መጡ።

«መተካቱ አለቀ?» አሉ።

እሱ ከመመለሱ በፊት፣ ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ «አይ ጋሼ፣ የሚሠራው ፍለጋው ብቻ ነው» አልኳቸው።

«ፍለጋው ይበቃኛል» ብለው ወንበሬ ላይ ተቀመጡና ሣጥኑ ውስጥ ስሜን ጻፉ። የሠራሁት ፍለጋ ፈጣን ነበር። ስሜን ከየፋይሉ እያወጣ፣ በቢጫ እያደመቀ አቀረበላቸው፤ እሳቸውም አንድ በአንድ በእጃቸው አጠፉት።